በሳንስክሪት «ና»

የሥልጣኔ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ነገር ይረሳሉ። የውኃ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ ሳንስክሪት የጀመሩበትን ሰኞ ግን እንዲረሱ አንፈቅድላቸውም። በዚያ ሰኞ የከተማው ግማሽ ውኃ አልነበረውም። ታላላቅ ነገሮች ሲጀመሩ ጥቃቅኑ መጓደሉ አይቀርምና እሱን አናነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ የበላይ ኃላፊው ንግግራቸውን ሲቋጩ «ሳንስክሪት እጅግ ጥልቅ ቋንቋ ነው» ብለው ተቀመጡ። ከቧንቧ ዝርጋታ ጋር ምን እንዳገናኘው የጠየቀ የለም። ሥራ አስኪያጁ ለኃላፊው ምክትልነት ቦታ ካመለከቱ ገና ሁለት ሳምንታቸው ስለነበር ብዙ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ከስብሰባው ወጥተው በቀጥታ መጻሕፍት መደብር ገቡና ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ወፍራም የሳንስክሪት መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ለየጣቢያው ሰርኩላር ተበተነ፦ «የተቋማችንን የማስፈጸም አቅም በላቀ ደረጃ ከማጎልበት አኳያ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሥራ አስኪያጁ ውሳኔዎች በሳንስክሪት የሚሰጡ መሆኑ ታውቆ፣ ሠራተኛው ከዚህ ጋር የተያያዘውን የመጽሐፍ ኮፒ አጥንቶ እንዲጠባበቅ እናሳስባለን።» ምን እንደሚጠባበቅ አልተገለጸም።

ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ለአርአያነት ተጉ። በመጀመሪያው ሳምንት ፊደሉን ተመለከቱ። ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ከአንድ መስመር ተንጠልጥሏል። «ይኼ ለጊዜው ይቆይ፤ በራሳችን ፊደል እንጽፈዋለን» አሉ። በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ቃል ያዙ። ቃሉ «ና» ነው፤ በሳንስክሪት «አይሆንም፣ አይደለም» ማለት ነው። የሥራ ዘመናቸውን ሁሉ በአንድ ፊደል የሚያጠቃልል ቋንቋ በማግኘታቸው በጣም ተደነቁ። ከዚያ በላይ መማር ብክነት ሆኖ ታያቸውና መጽሐፉን ጠረጴዛቸው ላይ፣ እንግዳ ሁሉ በሚያየው በኩል፣ አስቀመጡት።

ከከተማው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ የፓምፕ ጣቢያ አንድ መካኒክ ነበር። ሚስቱ ከተማ፣ እሱ ጣቢያ ሲኖሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሴት ልጁ የተወለደች ዕለት እሱ የተሰበረ ቫልቭ ሲቀይር ነበር። አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስልክ ስታነሳ «እማዬ፣ እንግዳው ነው» ትላለች። ይህ «እንግዳው» የሚሉት ነገር አንጀቱን ይበላዋል። ለዝውውር አምስት ጊዜ አመልክቶ አምስቱንም ውኃ በልቷቸዋል፤ መሥሪያ ቤቱ የውኃ ነውና አይገርምም።

የመጽሐፉ ኮፒ ሲደርሰው መካኒኩ እንደ ፓምፕ መመሪያ ከገጽ አንድ ጀመረ። ሰርኩላርን የምር የሚወስድ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ቋንቋው ደግሞ ተመቸው። አንድ ስም ስምንት ሙያ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሙያ ልኩን ጠብቆ የሚገጠም መጨረሻ አለ፤ ያላላኸው እንደሆነ ዓረፍተ ነገሩ ያፈሳል። በመልመጃው ውስጥ ዝሆን ወደ ጫካ ይሄዳል፣ ንጉሥ ፍሬ ይበላል፤ መካኒኩ ዘይት በነካው ጣቱ እየተከተለ አብሯቸው ይሄዳል። ምዕራፍ አራት ላይ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ስልኩን አንሥቶ ሚስቱ ዘንድ ደወለ።

«ስሚኝማ። ‹ገቻሚ› እሄዳለሁ ማለት ነው። ‹ገቻመህ› እንሄዳለን። በመካከላቸው ‹ገቻቨህ› የሚባል አለ፤ ሁለታችን እንሄዳለን።»

«ለሁለት ሰው ብቻ?»

«ለሁለት ብቻ። ሦስተኛ ሰው ከገባ አይሠራም።»

«እኛ ሦስት አይደለን እንዴ?»

«ልጅቷ እስክትቀበለኝ ድረስ ሁለት ነን» አለ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር።

በዚያው ቀን ስድስተኛውን ማመልከቻ ጻፈ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመለሰለት። በወረቀቱ ኅዳግ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከነፊርማውና ከነማኅተሙ፣ «ና» ተብሎ ተጽፏል።

የመካኒኩ ወሽመጥ ቁርጥ አለ። ከጣቢያዎቹ ሁሉ ቃሉን በትክክል ያነበበ እሱ ብቻ ነበር፤ ትምህርት ሰውን የሚጎዳው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። የጣቢያው ዘበኛ መጥተው በትከሻው በኩል ወረቀቱን አዩ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ።»

«ምኑ ነው ደስታው፣ አባባ?»

«ና ብለውሃላ።»

«በሳንስክሪት እኮ ነው። አይሆንም ማለት ነው።»

ዘበኛው ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ መልሰው ፊቱን አዩ። «እኔ የማየው ና ነው። ማኅተም አለበት። አለቃህ ና ብለውህ አልመጣም የምትል አንተ ማነህ?»

መካኒኩ ሁለት ቀን ከኅሊናው ጋር ተሟገተ። ኅሊናው ሰዋስው ስለሚያውቅ ክርክሩ ከባድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ፍራሹን ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲገባ ፍራሹን በሩ ሥር አቆመው።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» አሉት።

«እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ። በጽሑፍ።» ወረቀቱን ዘረጋላቸው።

«ይኼ እኮ አይሆንም ማለት ነው።»

«በየትኛው ቋንቋ፣ ጌታዬ?»

«በሳንስክሪት ነዋ!»

ጥግ ላይ የተቀመጡት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ምን አውቄ፣ ና ያሏቸውን ሁሉ ወደዚህ አዛውሬያቸዋለሁ። አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። በሩጫ ነው የጨረስኩት፤ ደግሞ እርስዎን ዛሬ ምን ነካዎት እያልኩ።»

ሥራ አስኪያጁ በመስኮት ወደ ግቢው ተመለከቱ። በአጥሩ ሥር ፍራሽ በፍራሽ ሆኗል። ውሳኔውን ቢሽሩ ሳንስክሪታቸውን ማንም አልተረዳውም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ጆሮ ቢገባ ለምክትልነት አይበጅም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሳንስክሪት እጅግ ጥልቅ ቋንቋ ነው» አሉ። «አንዳንዴ አይሆንም ማለት ይሆናል ማለት ነው። በል ሂድና ሥራህን ጀምር።»

መካኒኩ ቤቱ ሲደርስ በሩን የከፈተችው ልጁ ናት። ፍራሹን አየች፣ ፊቱን አየች፤ ከዚያም «ና ግባ» አለችው። ያ ሁሉ ጥናት ለአፍታ ግራ አጋባው፤ በኋላ ግን ገባ። በሳምንቱ «እማዬ፣ እንግዳው አይሄድም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። በወሩ «አባዬ» አለችው። ለሁለት ብቻ የነበረው ግስ ወደ ብዙ ቁጥር ተዛወረ፤ መካኒኩም የዚያን ቀን ደስታውን የሚያደርግበት አጣ።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩት። በሩን ዘጉ፤ መጋረጃውንም ጨመሩበት። ከዚያ አንድ ወረቀት አወጡ። የምክትልነት ማመልከቻቸው ከዋናው መሥሪያ ቤት ተመልሷል። የበላይ ኃላፊው በኅዳጉ ላይ በገዛ እጃቸው ጽፈውበታል፦ «ና»።

«ሰርኩላሩን በግልባጭ ልኬላቸው ነበር» አሉ ሥራ አስኪያጁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወንድሜ፣ መጽሐፉን የጨረስከው አንተ ብቻ ነህ ይሉኛል። ይኼ በሳንስክሪት ነው ወይስ በእኛ?»

መካኒኩ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አቀረበ። «ሲያዩት አይለይም፣ ጌታዬ።»

«በሳንስክሪት ከሆነ እምቢ ብለውኛል። በእኛ ከሆነ ደግሞ፣ ይምጡ ማለት ሲገባቸው፣ አንተ ብለውኛል። የትኛው ይመስልሃል?»

«ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ጥልቅ ቋንቋ ነው» አለ መካኒኩ ወረቀቱን በአክብሮት እየመለሰ። «እኔ ያወቅኩት ሄጄ ነው። ፍራሼ አሁን ሥራ የለውም፤ ላውስዎት?»