ለክብር የተቀመጠው ባትሪ

እኛ ሰዎች ዕቃ ስንወድ አንጠቀምበትም። ሶፋ እንገዛና ላስቲኩን ሳንልጥ እንቀመጥበታለን፤ በሙቀት ቀን ስንነሳ ላስቲኩ ከሱሪያችን ጋር አብሮ ይነሳል፣ እኛ ግን አንልጠውም። የቴሌቪዥን ሪሞት በላስቲክ ጠቅልለን ቁልፎቹን በዳበሳ እንፈልጋለን። ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ለእንግዳ ናቸው፤ እንግዳው ሲመጣ ደግሞ እንዳይሰብርብን በፕላስቲክ ኩባያ እናቀርብለታለን። ታዲያ ብርጭቆዎቹ የማን ናቸው? እግዜር ይወቀው። ይህን የምለው በሰው ለመሳቅ አይደለም፤ እኔ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። ሌላው የሚጠብቀው ሶፋ ነው፣ እኔ ግን ባትሪ ነበር የምጠብቀው።

ጁባ ውስጥ በአንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት አርክቴክት ሆኜ ስቀጠር ላፕቶፕ ተሰጠኝ። ላፕቶፕ ስላችሁ እነዚያ በእጅ ቦርሳ የሚገቡት እንዳይመስሏችሁ። «ሞባይል ወርክስቴሽን» የሚባለው ነው፤ ከባድ ሥዕል የሚሠራ ከባድ ማሽን። ሞባይል የተባለውም ተሸካሚ ከተገኘ ስለሚንቀሳቀስ ይመስለኛል። ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያክላል። ታዲያ በመጀመሪያው ሰሞን፣ ባትሪው ሙጥጥ ብሎ ባለቀበት ቀን፣ ነቅዬ አወጣሁት። ለምን? ጁባ ነዋ! መብራቱ የጄኔሬተር ነው፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ ያስነጥሰዋል፤ ሙቀቱ የሰውን ልብ ያቀልጣል። ባትሪ በዚህ መሀል ምን በወጣው ይንገላታ? ቢሮው ዩፒኤስ ስላለው ድንገት መብራት ቢጠፋም ሥራዬ አይጠፋብኝም። ስለዚህ በመጣበት ላስቲክ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስተኛሁት። አዲስ አበባም የማውቃቸው የቢሮ ሰዎች እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት፦ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ፣ ባትሪው ቁም ሳጥን ውስጥ።

ጋትሉዋክ ግን እንዲህ አይደለም። ጋትሉዋክ ከጠረጴዛዬ ቀጥሎ የሚቀመጥ መሐንዲስ ነው፤ ጋምቤላ አድጎ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ አገሩ ነፃ ስትወጣ የተመለሰ። አማርኛው ከእኔ ይሻላል፣ ለዕቃ ያለው ርኅራኄ ግን ዜሮ ነው። ላፕቶፑ የእኔው ዓይነት ነው፤ ባትሪው ሌት ተቀን ከማሽኑ አይወጣም። ስንት ጊዜ ለመንኩት! ገደልከው እኮ፣ ትንሽ እንኳን አያሳዝንህም ወይ እለዋለሁ። እሱ ቀና ሳይል «ማፊ ሙሽኪላ» ይለኛል። ችግር የለም ማለቱ ነው። የጁባ ሰው ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን ችግር የለም የሚል ይመስለኛል።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በእትዬ አስካለ በኩል ነው። እትዬ አስካለ ኒምራ ታላታ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው፤ ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ ጉምቦ ላይ ደግሞ ሆቴል ሊሠሩ ቦታ ይዘዋል። ሥራውን እኛም ፈለግነው፣ ሌላ ድርጅትም ፈለገው። ፕላኑን ዘርግተን ስናሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ይሄ ሁሉ መስመር ለእኔ ምኔ ነው፣ ቤቱን አሳዩኝ አሉ። አለቃችን ኢንጂነር ሽፈራው ወደ እኔ ዞረ። እኔም ምላሴን መች እይዛለሁ? በኮምፒውተር በሩን ከፍተው የሚገቡበት፣ ደረጃውን የሚወጡበት፣ አዳራሹን የሚዞሩበት ሥዕል እሠራለሁ፤ ብቻ የላፕቶፔ ግራፊክስ ካርድ ደካማ ስለሆነ በጠንካራ ይቀየርልኝ አልኩ። ኢንጂነር ሽፈራው ከዱባይ በሚመጣ ሰው አስመጣልኝ። ካርዱን ሲሰጠኝ የተናገረው አጭር ነበር፦ እትዬ አስካለ ካልፈረሙ ለአንተ የሚሆን ሥራ የለኝም፣ ሻንጣህን አዘጋጅ። የእኔ ደሞዝ ማለት ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ ሁለት ልጆቼ የሚማሩበት ነው። ቀልድ አልነበረም።

ማሽኑን ከፈትኩ፣ እጄን ታጥቤ እንደ ቀዶ ሐኪም ጎንበስ አልኩ። አሮጌውን ካርድ አወጣሁ፣ አዲሱን አስገባሁ፣ የሙቀት ቅባቱን ቀባሁ፣ ዘጋሁት። ቢሮው በሙሉ ከበበኝ። አበራሁት። ወይ ጉድ! ማሽኑ ጭራሽ ዘገመ። በአሮጌው ካርድ የሆቴሉ በር ቢያንስ እየተንቀጠቀጠ ይከፈት ነበር፤ አሁን የመዳፊቷ ቀስት እንኳን ፈቃድ ጠይቃ ነው የምትራመደው። ኢንጂነር ሽፈራው ከኋላዬ ቆሞ፣ ከዱባይ ስንጠብቅ የከረምነው ይሄን ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ ያልጠረጠርኩት ነገር የለም። ቫይረስ ነው አልኩ፣ ሁሉን ነገር አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። አቧራ ነው አልኩ፣ ነፋሁት። ካርዱ ፎርጅድ ነው አልኩ፣ ያመጣው ሰውዬ በስልክ በእናቱ ማለልኝ። በመጨረሻ ሙቀት ነው ብዬ በቦዳቦዳ ሞተር ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሄድኩና፣ ከነጋዴው ጋር ተጨቃጭቄ፣ ትልቅ ባለ እግር ቬንትሌተር ገዛሁ። ሞተር ሳይክል ላይ ቬንትሌተር አቅፎ መመለስ ምን እንደሚመስል ያየኝ ይንገራችሁ። ማሽኑ ላይ ደገንኩት። ላፕቶፑ በነፋስ እየተንደላቀቀ፣ እኔ እያላበኝ ዋልኩ። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚያሳይ ፕሮግራም ብከፍት የማሽኑ አንጎል ከአቅሙ ሩቡን እንኳን አይሠራም። ሞቆት ነው እንዳልል በርዷል። ተናደድኩ። እንደ ሰው ቢሆን በጥፊ እለው ነበር።

ለእትዬ አስካለ የምናሳይበት ቀን ዋዜማ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ እሳቸው ምግብ ቤት ዩፒኤስ የለም። መብራት ድርግም ካለ ሆቴሉ በሙሉ ድርግም ሊል ነው። እንግዲያውስ ባትሪዬ የክብር ቀኑ ደረሰ አልኩና መሳቢያውን ከፈትኩ። ላስቲኩን ቀስ ብዬ ገለጥኩ። አንዲት ጭረት የለበት፣ ያብረቀርቃል። ጋትሉዋክን ጠርቼ አሳየሁት፤ አየህ፣ ዕቃ እንዲህ ነው የሚያዝ አልኩት። ማሽኑ ላይ ገጠምኩት። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለና ቀረ። ብጠብቅ፣ ብነቅል፣ ብሰካ ወይ ፍንክች። ሞቷል! ለካ ባትሪ ባዶውን ለብዙ ወራት ከተቀመጠ ይሞታል። ያደከመው ሥራ የለም፣ የጎዳው ሙቀት የለም፤ የገደልኩት እኔ ነኝ፣ በእንክብካቤ።

ጋትሉዋክ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ያንን የተሰቃየውን፣ ጥግ ጥጉ የተላላጠውን ባትሪ ከላፕቶፑ ነቅሎ፣ ነገ ይዘኸው ሂድ፣ ማፊ ሙሽኪላ አለኝ። ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ገጠምኩና ማሽኑን አበራሁ። የሆቴሉ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ደረጃውን ስወጣ ሽቅብ በረርኩ። ጋትሉዋክ ሳቁን ተወ። ባትሪውን ነቀልኩት፦ ተንቀራፈፈ። መለስኩት፦ በረረ። ደግሜ ነቀልኩ፣ ደግሜ መለስኩ። በእናቱ የማለው ሰውዬ እውነቱን ነበር።

ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነው። አዲሱ ካርድ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ቻርጀሩ ብቻውን ፕሮሰሰሩንም እሱንም አይችልም፤ የጎደለውን የሚሞላው ባትሪው ነው። ባትሪው ከሌለ ማሽኑ ጭልጥ ብሎ እንዳይጠፋ ፕሮሰሰሩን ያስርበዋል። ቤታችሁ ምግብ ሳይበቃ ከባድ እንግዳ ሲመጣ፣ የቤቱ ባለቤት «እኔ በልቻለሁ» ብሎ ጥግ ይይዝ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ይህ ሁሉ በማሽኑ መመሪያ ላይ ተጽፏል። መመሪያውም እንዳይቆሽሽ ብዬ ከነላስቲኩ ነበር ያስቀመጥኩት።

በማግስቱ ኒምራ ታላታ ሄድን። እትዬ አስካለ ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ፤ ወንበራቸው ከነላስቲኩ ነው፣ ሲቀመጡ ተንጫጫ። በሩን ከፈትኩላቸው፣ ገቡ። ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጠሰው፣ አምፖሉ ጠፍቶ መጣ፣ የእኛ ሆቴል ንቅንቅ አላለም። አዳራሹ ጋ ስንደርስ፣ ቀዩን ምንጣፍና ትልልቆቹን መስኮቶች ሲያዩ፣ በስመአብ ብለው አማተቡ። ኢንጂነር ሽፈራው በጆሮዬ፣ ምን አድርገህ ነው አለኝ። ተስተካከለ አልኩት፤ ለጊዜው ይበቃዋል።

እትዬ አስካለ አዳራሹን ሦስቴ አስዞሩኝ። ከዚያ፣ ይሄን የመሰለ አዳራሽ እንግዳ ገብቶ ሊያቆሽሽብኝ ነው እንዴ፣ በር ይደረግለትና ይቆለፍ፣ ለክብር ይቀመጥ አሉ። እኔ ከትናንት ጀምሮ አዲስ ሰው ሆኜ ነበር። እትዬ፣ የተቀመጠ ነገር እኮ ይሞታል ልላቸው አፌን ስከፍት ኢንጂነር ሽፈራው በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ልጆቼ ታዩኝ፣ ሻንጣዬም ታየኝ። ቁልፉ ስንት ይሁንልዎ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁለት አሉና ፈረሙ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ በእትዬ አስካለ ስቄ አልጠገብኩም። ሰው እንዴት አዳራሽ ሠርቶ ይቆልፋል? ምን ዓይነት ሕዝብ ነን? ጋትሉዋክ ባትሪውን ሲቀበለኝ ይህንኑ ደጋግሜ ነገርኩት።

ድርጅቱ ያዘዘልኝ አዲስ ባትሪ ባለፈው ሰሞን ደረሰ። ጋትሉዋክ እያየኝ፣ በኩራት፣ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ከእንግዲህ ሌት ተቀን አይወጣም አልኩ። ጋትሉዋክ ጎንበስ ብሎ አየና፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ ላጠው እንጂ አለኝ።

እሱ እንኳን ይቆይ አልኩት፤ ይጫርብኛል።