በሱባኤ መካከል «አልፈርምም!» ማለት

የሰው ልጅ ዝም ማለት የሚችለው በአፉ ብቻ ይመስለኛል። አፍን መዝጋት ምን ችግር አለው? ከንፈርን ከከንፈር ማገናኘት ነው። የውስጡን ግን ማን ይዘጋዋል? እኔ «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀምሬ «አሜን» ላይ እስክደርስ፣ በመካከሉ የመሥሪያ ቤቴን ስብሰባ መርቼ፣ የጎረቤቶቼን የአጥር ክርክር ዳኝቼ፣ የእራቱን ወጥ መርጬ እገኛለሁ። እግዚአብሔር ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእርሱን ድርሻ ለይቶ የሚሰማ ከሆነ፣ ትዕግሥቱ በእውነትም የአምላክ ነው።

አምና ግን ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ባለቤቴ ጥሩወርቅ አንገቷ ላይ እንቅርት ወጣባት። መጀመሪያ በነጠላ ሸፈነችው፤ እያደር ሲያድግ እህል መዋጥ አስቸገራት፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት አለን። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እዚያው አጠገብ የድምፅ ነርቭ እንደሚያልፍና አልፎ አልፎ እንደሚጎዳ ነገረንና የስምምነቱን ወረቀት አቀረበልን።

ጥሩወርቅ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ያለ ድምፅ ስድሳ ሕፃን ሀ ሁ ማስቆጠር ይቻላል? እሷ ግን እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች። የቀረው የቤተሰብ ፊርማ፣ ማለትም የእኔ ነበር። ወረቀቱን አየሁት፣ እስክሪብቶውን አየሁት፤ ከዚያ ሊቅ በሚያስመስል ድምፅ «መጀመሪያ ሱባኤ ልግባ» አልሁ።

መንገድ ላይ ጥሩወርቅ፣ ሱባኤው ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀችኝ። ልቤ እንዲረጋ ነው አልኋት። «ያንተ ልብ እስኪረጋ የእኔ ጉሮሮ ይዘጋል» አለችኝ። እንዲህ ብላም አልከለከለችኝም፤ በማግሥቱ በሶና ቆሎ ቋጥራ እስከ ጀልባው ድረስ ሸኘችኝ።

የሄድሁበት ገዳም ጣና ላይ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስኬድ ነው። ስልኬን አጠፋሁ። የምሰማው የወፍና የውኃ ድምፅ ብቻ ሆነ። ጸጥታው ግን ለእኔ አልበጀኝም፤ ውጭው ዝም ሲል የውስጤ ጫጫታ ጭራሽ ጎልቶ ተሰማኝ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት መቁጠሪያዬን ይዤ ከመነኮሳቱ ኋላ ቆምሁ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አርባ አንድ ጊዜ ማለት ነው፤ ሕፃን የሚችለው ነገር። ሰባተኛው ላይ ሐኪሙ መጣ። አሥረኛው ላይ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ተከራከርሁት። መለሰልኝ። ዐሥራ አምስት ይሁን ሃያ ቁጥሩ ጠፍቶብኝ ሳለ፣ እስክሪብቶውን እጄ ውስጥ ሊያስገባው ሲል፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ መካከል «አልፈርምም!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ማን ነው ይህ ደፋር ብዬ ዞር ስል፣ ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው።

ጸሎቱ እንዳበቃ አባ ገብረ ኪዳን የሚባሉ አረጋዊ መነኩሴ በዘንጋቸው ጠቅሰው ወደ ሐይቁ ዳር ወሰዱኝ። ተግሣጽ ይመጣል ብዬ ቀደም አልሁ፤ ሐሳቤ ተበትኖ እንዳስቸገረኝ፣ ጸጥ የሚልበትን ዘዴ እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ ከመነኮስሁ አርባ ዓመቴ ነው» አሉኝ። «ዛሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳስብ የነበረው ስለሚያፈሰው ጣራ ነው። እንዲህ ያለው ሐሳብ ይመጣል፣ ይሄዳል። ያንተ ግን የት ተበተነ? አንድ ቦታ ቁጭ ብሏል እንጂ። ምኑን ነው የማትፈርመው?»

ነገርኋቸው። እሷስ ምን አለች አሉኝ። ፈርማለች አልኋቸው። «እንግዲያ አንተ ሱባኤ አልገባህም፤ ተደብቀህ ነው» አሉኝ።

ተቀየምሁ። ይህን ሁሉ ውኃ አቋርጬ የመጣሁት ይህን ለመስማት ነው? ወዲያው ግን ዕንባዬ መጣ፤ እውነታቸውን ነበር። ድምፅዋ ቢጠፋ የእኔ ፊርማ እንዳይገኝበት ነው የፈለግሁት። እግዚአብሔር እንዲፈርምልኝ ነበር የመጣሁት።

አባ ትከሻዬን ይዘው ቆዩና፣ «ጸሎቱን እኛ እንይዝልሃለን፤ አንተ ሂድና ፈርም» አሉኝ። በዚያው ቀን ጀልባ ተመለስሁ። ሐኪሙ ዘንድ ሄጄም ከጥሩወርቅ ስም ሥር ስሜን ጻፍሁ።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገ ዕለት ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። ጉድ እኮ ነው፣ ያን ቀን ራሴ ውስጥ አንድም ሐሳብ አልነበረም። ስብሰባ የለ፣ አጥር የለ። ስለምነው የኖርሁት ጸጥታ መጣ፤ ሲመጣ ግን ጸሎቱንም ጠራርጎ ወሰደው። «በሰማያት የምትኖር» እላለሁ፣ ቀጣዩ ይጠፋኛል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ሳልጠይቃቸው ተቀብለው ጨረሱልኝ።

ሐኪሙ ወጥቶ፣ እንቅርቱ በደህና እንደወጣ፣ የድምፅዋን ነገር ግን ስትናገር እንደምናውቀው ነገረኝ። ገባሁ። ጥሩወርቅ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ አልተናገረችም። ጠበቅሁ። አሁንም ዝም። ፍርሃቱ ሲጠናብኝ እኔው ለፈለፍሁ፤ ስለ ጀልባው፣ ስለ አባ፣ ተማሪዎቿ መቼ ትመጣለች እያሉ እንደሚጠይቁ፣ የላም ማለቢያው እንደተሰበረ፣ ምኑ ቅጡ! ላም እንኳ የለንም።

ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጎርነን ያለ፣ ግን ጥርት ያለ፣ ያው የራሷ የሆነ ድምፅ ወጣ።

«እባክህ ትንሽ ዝም በልልኝ፤ ልጸልይ።»