ጎረቤት የሌለበት ሶፍትዌር

መርዶ ይዞ የሚመጣ ሰው ከአረማመዱ ይታወቃል የሚሉ አሉ። እኔ አላወቅሁም። ባለቤቴ ፖም ሊገዛ ወደ ደጋው ገረሴ በወጣ ማግስት፣ ረፋዱ ላይ፣ ሙዝ የሚያሽጉልን ሠራተኞች በሙሉ ሥራቸውን ጥለው ቢሮዬ ደጃፍ ቆሙ። ስለ ደመወዝ መስሎኝ፣ «ዓርብ ነው አላልኳችሁም?» ብዬ ጮህኩባቸው። የባሏን መርዶ ይዘው የመጡትን የምትቆጣ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አለቃቸው ዘነበች ብቻ ገብታ እጄን ያዘችኝ። መንገድ ላይ ልቡ ቀጥ ብሏል።

አንዲት ትንሽ የፍራፍሬ ማከፋፈያ ትቶልኝ ሄደ። ደመወዙም፣ የሠራተኛው ፈቃድም፣ የደንበኛው ቅሬታም እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። የአዲስ አበባ ነጋዴ «ሙዙ ተጨፍልቆ ደረሰ!» ብሎ ሲደነፋበት፣ እሱ አስቀድሞ የልጆቹን ጤና ይጠይቀዋል፤ ስልኩ የሚዘጋው ነጋዴው ይቅርታ ጠይቆ ነው። ያን ጭንቅላት የሚተካ ሶፍትዌር ግዢ ተባልኩ።

ሦስት አየሁ። አንዱ ለደንበኛ ራሱ ይመልሳል፤ «ቅሬታዎ ደርሶናል» ይላል። ጨዋ ነው፤ የማንንም ልጅ ግን አያውቅም። ሁለተኛው ዋጋው አይቀመስም። ሦስተኛው ረከስ ያለ፣ አማርኛም የሚችል ነበር። ልፈርም ስል ሻጩ የሐዘን ፈቃዱን ገጽ ለእኔና ለሠራተኞቹ ከፈተልን፦ ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት፤ ሦስት ቀን። ከዚያ ያለፈ ቀሪ ነው፤ ከደመወዙ ራሱ ይቆርጣል።

«እትዬ፣ ጎረቤት የታለ?» አለች ዘነበች።

«ጎረቤት ሕጉም ላይ የለም» አላት ሻጩ።

«ታዲያ አንተን ማን ሊቀብርህ ነው? ኮምፒውተሩ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ፤ መሃል ላይ ግን ሳቁ ከዳኝ። በሰፈራችን በላንቴ ሰው በሞተ ቁጥር ባለቤቴ ሠራተኞቹን፣ «አልቅሳችሁ ሲወጣላችሁ ኑ» ይላቸው ነበር። በዚህ ሶፍትዌር ቢሆን፣ እሱን የቀበሩት ሁሉ ቀሪ ነበሩ።

«ጎረቤት ጨምርበት፤ ቀኑንም ክፍት ተውልኝ» አልኩት።

«ጎረቤት ይጨመራል እናቴ። ቀኑ ግን ቁጥር ካልገባበት አያልፍም። ስንት ልበል?»

ስንት ይበል? አርባው ወጣ፣ ሰማንያውም ወጣ። ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ይመለስበት በነበረው ሰዓት፣ መኪና ደጃችን ሲቆም እኔ እስከዛሬ ነጠላዬን አስተካክዬ እነሳለሁ። መኪናው የጎረቤት ነው። ሁልጊዜ የጎረቤት ነው። ይህን በምን ቁጥር ልንገረው?

ያንን ዋጋው የማይቀመሰውን ገዛሁ፤ የቀኑን ሳጥን ባዶም ቢሆን ይቀበላል። የልጅ ልጄን የሚያህለው የርካሹ ሻጭ ከስራለች ብሎ አዝኖልኛል። ሠራተኞቹ ግን ያለ ሥጋት ይቀብራሉ።

አዲሱ ሶፍትዌር ባለቤቴን በመታወቂያ ስሙ፣ «መሥራች» ብሎ ይዞታል። እግዚአብሔር የሚጠራው ግን በክርስትና ስሙ ነው። እናንተም እዚህ ድረስ ካነበባችሁልኝ፣ የኃይለ ገብርኤልን ነፍስ ይማርልሽ በሉኝ።