ኖራ የተቀባው ጥንታዊ ደን

የፖላንድ ኩራትና የጎሾች መጠጊያ የሆነው ጥንታዊው ደናችን «ሰው ያልነካው» የተባለበት ማዕረግ ሊሰረዝ ሲል ለጥቂት እንደተረፈ፣ ያተረፈውም ደኑን የሚጠብቀው ጽሕፈት ቤታችን መሆኑን ታሪክ ይመዝግብልን።

ተቆጣጣሪዋ ዶክተር ዶብሮስዋቫ ከዋርሶ እንደሚመጡ ሲሰማ፣ ኃላፊያችን ክቡር አቶ ቦጉሚው ከእንቅልፋቸው ነቁ። ማዕረጉ ከተሰረዘ እሳቸውም ከሥራ ይሰናበታሉ።

«የወደቀ ግንድ ሁላ! እንግዳ ምን ይለናል?» አሉኝ።

«ክቡር ኃላፊ፣ ከወደቀ እኮ መቶ ዓመት...»

«መቶ ዓመት ሙሉ የሚያነሳው ሰው ጠፋ? አያሳፍርም?»

እንዴት ያለ አርቆ አሳቢነት! በዚያው ሳምንት የደኑ ቅጠል ተጠረገ። ዛፎቹ ለፋሲካ እንደሚቀባ የጓሮ ዛፍ ከወገባቸው በታች ነጭ ኖራ ተቀቡ። የበሰበሰው ግንድም ከነእንጉዳዩ ተጎትቶ፣ እንዳይታይ ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ተከመረ።

ወይዘሮ ገኖቬፋ በር ላይ ቆመዋል። ጎሽ አጥራቸውን ካፈረሰባቸው ወዲህ፣ መልሰው ለማጠር ፈቃድ ይለምኑናል።

«ዛሬስ እንዴት ነው ልጄ?»

«እናቴ፣ ደን እያጸዳን ነው። ነገ ይመለሱ።»

ሳምንቱን ዘነበ። ዝናብ ያጠበው ኖራ ዶክተሯ በመጡበት ጠዋት ተደገመ። ዶክተሯ አንዱን ዛፍ በጣታቸው ነክተው፣ ነጭ የሆነ ጣታቸውን አዩ። ወዲያው ዛፍ ላይ የታከከ ጎሽ ግማሽ ጎኑ ነጭ ሆኖ ብቅ አለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለክብርዎ የተዘጋጀ ጎሽ ነው» አሉ አቶ ቦጉሚው።

«ማዕረጉ አበቃለት!» ብለው ዶክተሯ ውሳኔያቸውን ሊጽፉ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ገሰገሱ። አቶ ቦጉሚው «በልጆቼ ይዤዎታለሁ!» እያሉ ከኋላ ይሮጣሉ። እኔ ሳቄን አፍኜ ልሞት ነበር።

ዶክተሯ በሩን ሲከፍቱ ደርቀው ቀሩ። የሚያፈሰው ጣሪያችን ግንዱን አርሶት፣ እንጉዳዩ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል። ብርቅ የሆነ ጢንዚዛ ማኅተማችን ላይ ይንሸራሸራል። በተሰበረው መስኮት የገባ ግንደ ቆርቁር የፋይል መደርደሪያውን ይወቅጣል።

«የፈጣሪ ያለህ!» አሉ በሹክሹክታ። «እዚህ ሰው ከገባ ስንት ዘመኑ ነው?»

«እኛ በየቀኑ እንገባለን» አሉ አቶ ቦጉሚው።

«አይዋሹ! አንድም ነገር አልተነካም እኮ!»

ማዕረጉ ተረፈ፤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተዛወረ። አቶ ቦጉሚውም ተሸለሙ። በሩ ተቆልፎ ሰሌዳ ተሰቀለበት፦ «ጥብቅ ስፍራ። ሰው መግባት ክልክል ነው። በውስጡ ያለው ሁሉ ሳይነካ ባለበት ይቆያል።»

በማግስቱ ወይዘሮ ገኖቬፋ መጥተው ሰሌዳውን ቀስ ብለው አነበቡ።

«ደነቀዎት አይደል እናቴ?» አልኳቸው በኩራት።

«ምኑ ይደንቃል ልጄ? ድሮም እንዲሁ ነበር። አሁን ገና በጽሑፍ አወጣችሁት።»