ከዳቦ ቤቱ ጋር የምንጋራው ግድግዳ

የአዲስ አበባ ሰው ብርድን እንደ ድንገተኛ እንግዳ ነው የሚያየው። ሐምሌ ሲገባ ጋቢውን ይደርብና «ዘንድሮስ ጉድ ነው» ይላል፤ አምናም እንዲሁ ብሎ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ በሩ ሥር ድመት የሚያሾልክ ክፍተት ያለው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ጥፋተኛው ሰማዩ ነው ብሎ ያምናል። እናንተስ? እኔም አምን ነበር፤ የእናቴን ጉልበት ቁርጥማት እስኪይዘው ድረስ።

ቤታችን አማኑኤል አካባቢ ነው። በክረምት የኤሌክትሪክ ምድጃውን ለሙቀት ስንለኩሰው የመብራት ካርዱ ሳናስበው ያልቃል፤ ሙቀቱ ደግሞ በጣሪያው በኩል ይሄዳል። ስለዚህ ዘንድሮ ነገሩን በሥርዓት ያዝኩት። ሻማ ለኩሼ ነፋሱ በየት እንደሚገባ ፈተሽኩ። ከዱባይ ተራ የፍሪጅ ካርቶን አምጥቼ ኮርኒሱ ላይ ደረብኩ፤ የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈንኩ፤ አራቱንም ግድግዳ ለክቼ፣ እርግጠኛ ስላልሆንኩ እንደገና ለክቼ፣ በስፖንጅ ለበጥኩ።

እናቴን «ሞቀሽ?» ስላት «ኧረ ላብ ሊያጠምቀኝ ነው» ትላለች። ልጄ ቤቱን ሆቴል አደረገው እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። እኔም ኮራሁ። ምድጃውን አጠፋሁት።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ ቤት የለችም። ግድግዳችንን ተጋርተው ዳቦ የሚጋግሩት እትዬ ብርቄ ዘንድ፣ እሳቱ አጠገብ ጉልበቷን ዘርግታ አገኘኋት። ለካስ እኔ ስወጣ ሁሌ እዚያ ናት። ለካስ ያ ግድግዳ በዳቦው እሳት ሲግል ነው የሚያድረው፤ አልጋዋንም ከድሮ ጀምሮ እሱ ሥር ያደረገችው ለዚሁ ኖሯል። እኔ ደግሞ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ፣ ብርድ ባልገባበት ግድግዳ ስፖንጅ! የቤቱን ብቸኛ ማሞቂያ፣ ያውም ነፃውን፣ በገዛ እጄ ዘጋሁት።

«እንዳይከፋህ ብላ እንጂ ስትንቀጠቀጥ ነው የምታድረው» አሉኝ እትዬ ብርቄ። «እኔማ ንገሪው ብያታለሁ።»

እናቴ ዓይኗን ሰበረች። «ስትለፋ እያየሁ ምን ልበልህ ልጄ?»

እኛ ዘንድ ሰው ከብርድ ይልቅ የሚፈራው ቅያሜን ነው። በርዶት እየተንቀጠቀጠ «ሞቆኛል» ይላል፤ ጠያቂውም ደስ ብሎት ይሄዳል።

በዚያው ምሽት የዳቦ ቤቱን ግድግዳ ስፖንጅ ገነጠልኩት። እናቴ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሆድ እንዳይብሰኝ መሰለኝ፣ «የቀሩት ሦስቱ ግን የእውነት ያሞቃሉ» አለችኝ።

እስካሁን እያጣራሁ ነው።