እጅ የማይወጣበት ስብሰባ

ጋምቤላ ውስጥ ሁለት ነገር አያልቅም፤ ሙቀትና ከስድስት ኪሎ የተመለሰ ምሩቅ የሚያስይዘው አጀንዳ። ሙቀቱ እንኳ ዝናብ ሲጥል ትንሽ ይበርዳል።

ክልላችን ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ለቢሮዎቻችን ወንበር ሳይሟላ፣ ክቡር ምሩቅ ኦሞድ በማዕረግ ተመርቀው ከች አሉ። ዕድሜያቸው ያኔ ሃያ አራት ነበር። ሰው ሸሚዙን አውልቆ ባሮ ዳር በሚቀመጥበት ሰዓት እሳቸው ከረባት አስረው ይዞራሉ። እንዴት ዋልክ ሲሏቸው መልሳቸው "አጀንዳ ይያዝልን!" ነው። ተማሪ ሳሉ ሰልፍ መርተዋል አሉ። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፣ ያውም ሦስት ጊዜ።

እኔ የትምህርት ቢሮ ታይፒስት ነኝ። አቤቱታቸውን ሁሉ የመታሁት በእነዚህ ጣቶቼ ነው። ስለ ክሊኒኩ በር፣ ስለ ገበያው ቆሻሻ፣ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ሰዓት ስላለማክበራቸው፣ ሁሉም በአራት ኮፒ።

አንዱ አቤቱታ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። ከኢታንግና ከአቦቦ ለሁለተኛ ደረጃ የሚመጡ ልጆች ማደሪያ እያጡ ዓመቱ ሳይጋመስ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ኦሞድ ደጅ ጠንተው ለማደሪያ መሥሪያ ቆርቆሮና ሲሚንቶ አስፈቀዱ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች እስከ ዓርብ ቦታ ካልሰጡ ግን ዕቃው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል።

ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎቹን ሰፈሩ መሀል ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሰበሰቡ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ። ኦሞድ ግማሽ ሰዓት ተናገሩና "የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!" አሉ። ማንም አላወጣም። "የምትቃወሙ?" ማንም። "ድምፀ ተአቅቦስ?" አንድ ሽማግሌ ዝንብ አባረሩ።

ክቡርነታቸው ከረባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። "ጋሼ፣ ውድቅ ሆኗል ብለው ይጻፉ" አሉኝ። አንጀቴን በሉኝ።

"ኦሞድ፣ አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም እንዴ?" አልኩት። "እዚህ ሽማግሌ እጅ አያወጣም። ሁሉም ሳይናገር ነገር አያልቅም። በል ቁጭ በል።"

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ኦሉም ፒፓቸውን አወረዱ። "አንተ ብቻ ተናገርክ። እኛ አፍ የለንም? አሁን እኛ እንናገራለን፣ አንተ ስማ።"

ተናገሩ። አንዱ ስለ ጎርፉ፣ አንዱ ሳይማር ስለቀረው ወንድሙ፣ አንዱ ስለ ኦሞድ አያት። ኦሞድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን ዝም አሉ። ፀሐይ ልትገባ ስትል አቶ ኦሉም በከዘራቸው መሬቱን አሳዩ። "ከማንጎው እስከ ውኃ ጉድጓዱ ድረስ የልጆቹ ነው። ልጆቹ የሁላችንም ናቸው።"

"በስንት ድምፅ ልበል?" አልኩ እስክሪብቶዬን ይዤ።

"ሁሉም ተናግሯል ብለው ይጻፉ" አሉ ኦሞድ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ማደሪያው ተሠራ። ልጄ አባንግ ሦስት ዓመት ሙሉ ከማደሪያው ሴቶች ልጆች ጋር፣ በኦሞድ አስጠኚነት ስታጠና ከረመች። ባለፈው ሳምንት ውጤት መጣ፤ የደረሳት ስድስት ኪሎ ነው። እኔ ግን ሩቅ ነው፣ ብቻዋን ነች እያልኩ አንገራገርኩ።

ትናንት ምሳ ላይ ብድግ አለች። "አጀንዳ ይያዝልን!"

ይሄ ኦሞድ ልጄን አበላሸብኝ! እናቷ ተናገረች፣ አክስቷ ተናገረች፣ ትንሹ ወንድሟ ሳይቀር ተናገረ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንድ ቃል ብናገር እንባዬ እንደሚቀድመኝ አወቅሁት።

ሽማግሌ ብሆንም እጄን አወጣሁ።