ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ከፊት

[ከሰዓት በኋላ ነው። የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል። ጋዜጣው ላይ የተከፈተ ካርቶን፣ ስልሳ ምናምን የነጭ ፕላስቲክ ቁርጥራጭ፣ አንድ ቱቦ ማጣበቂያና ሦስት ትንንሽ ጣሳ ቀለም አለ። ተገጣጥሞ ሲያልቅ አውሮፕላን ይሆናል ተብሏል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የቆመው ሊቁ ነው። ሊቁ ስሙ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጦ ማንም ሳይጠይቀው ሲመልስ ሠፈሩ ያወጣለት ነው። እሱ ግን እንደ ማዕረግ ይዞታል። አጠገቡ ቱታ ለብሶ የተቀመጠው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ሥራው ግድግዳ ቀለም መቀባት፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ዝግ ያለ። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ሊቁ፦ ወረቀቱን እጠፈው አልኩህ።

ቀቢው፦ አጠፍኩት እኮ ጋሼ።

ሊቁ፦ አጥፈህ እያየኸው ነው።

ቀቢው፦ ሥዕሉ አምሮኝ ነው። ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት ቁጥር አለው። አንድ ቁጥር ላይ እንዲያውም…

ሊቁ፦ ስማ። መመሪያ የሚጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው። ሥዕል ያለበት መመሪያ ደግሞ ማንበብ ለማይችል ነው።

ቀቢው፦ እንግዲያው የእኔ ነዋ። [አጥፎ ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተው።]

ሊቁ፦ እኔ አውሮፕላን አውቃለሁ። ስንት ዓመት የአየር ደብዳቤ ላይ ማኅተም እንደመታሁ ታውቃለህ?

ቀቢው፦ ደብዳቤው ላይ።

ሊቁ፦ ደብዳቤው በምን ነው የሄደው?

ቀቢው፦ እውነትዎን ነው።

ሊቁ፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ቀቢው፦ ስምንት ተኩል።

ሊቁ፦ አሥራ አንድ ላይ ልጄ ከተፍ ትላለች። ዛሬ እኮ የመጀመሪያዋ ነው፤ ረዳት አብራሪ ሆና ሕዝብ ጭና ሄዳ፣ ሕዝብ ጭና ትመለሳለች። [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] የዛሬ አራት ዓመት እዚችው ጠረጴዛ ላይ «ከብስክሌት የምትወድቂ ልጅ አውሮፕላን ልታበሪ?» ያልኳት እኔ ነኝ።

ቀቢው፦ አስታውሳለሁ። ሾርባ እየጠጣን ነበር።

ሊቁ፦ ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዋ አንዲት ቃል ነግራኝ አታውቅም። ደህና ነህ አባዬ፣ ደህና ዋል አባዬ፣ በቃ። ይቺን አይታ «አባቴ ገብቶታል» እንድትል ነው የምፈልገው።

ቀቢው፦ በአፍዎ ይቅርታ ቢሏት አይቀልም?

ሊቁ፦ አውሮፕላን መሥራት ይቀላል። ደግሞ ልክ መደርደሪያዋ ላይ እንዳሉት ሦስት ትንንሽ አውሮፕላኖች ነው የምትሆነው። አይተሃቸዋል? መጋጠሚያቸው እንኳ አይታይም። የፋብሪካ እጅ ያስታውቃል።

ቀቢው፦ [ሳል ያዘው።] አይቻቸዋለሁ።

ሊቁ፦ ለነገሩ ይሄን ካርቶን ይዘህ መምጣትህ ጥሩ አደረግህ። በሕይወትህ አንድ ሐሳብ አመጣህ።

ቀቢው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ይቺ ትንሽ ከረጢትስ ለምን ትሆን? ፍሬ ፍሬ ነገር አለባት።

ሊቁ፦ የእርጥበት መምጠጫ ናት። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ አይተህ አታውቅም?

ቀቢው፦ የጫማው ቀላል ነው። ይቺ ትከብዳለች።

ሊቁ፦ የደመና እርጥበትና የጫማ እርጥበት እኩል ነው እንዴ? ጣላት።

[ቀቢው ከረጢቷን ቅርጫት ውስጥ ጣለ። ሊቁ እጅጌውን ሰብስቦ የክንፉን ሁለት ግማሽ አነሳ፤ ማጣበቂያውን እንደ ጥርስ ሳሙና ጨመቀው፤ ገጠመ፤ ተጫነ። ፊቱ በደስታ በራ። ከዚያ ብርሃኑ ቀስ እያለ ጠፋ።]

ሊቁ፦ ያዘኝ።

ቀቢው፦ ማን?

ሊቁ፦ ክንፉ። አውራ ጣቴን ያዘኝ።

ቀቢው፦ ይልቀቁታ።

ሊቁ፦ እኔማ ለቅቄዋለሁ። እሱ ነው ያልለቀቀኝ።

[ክንፉን በአውራ ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ማንም እንዳያይበት እየተገላመጠ፣ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ታገለ። ሲመለስ ቀቢው እጁን ቱታው ላይ ሲጠርግ አገኘው። ሊቁ ጠርጣራ ነውና ክንፉን አስቀምጦ የአውሮፕላኗን ሁለት የገላ ግማሾች አንድ በአንድ መረመረ።]

ሊቁ፦ ይሄ አፍንጫዋ ውስጥ የተለሰነው ምንድን ነው?

ቀቢው፦ ስቱኮ ነው። የግድግዳ ቀዳዳ የምንደፍንበት። ከኪሴ ነው።

ሊቁ፦ ስቱኮው ላይ የተሰገሰጉት ድቡልቡሎችስ?

ቀቢው፦ ተሳፋሪዎች ናቸው።

[ሊቁ ወንበሩን ተደግፎ ሳቀ። መነጽሩ ከግንባሩ ወርዶ አፍንጫው ላይ እስኪያርፍ ሳቀ።]

ሊቁ፦ ከቅርጫት የወጡ ተሳፋሪዎች። ስቱኮውስ?

ቀቢው፦ የወንበር ቀበቶ።

ሊቁ፦ እሺ፣ ሁሉም ከፊት? ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ሰው ጠፋ?

ቀቢው፦ እንግዳ ከፊት አይደል የሚቀመጠው። ደግሞ ከኋላ እንዳትከብድ ሰጋሁ።

ሊቁ፦ [እንባውን እየጠረገ በወረንጦ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል።] ወንድሜ፣ አውሮፕላን ቀላል መሆን አለባት። አፍንጫዋ ከብዶ በምን አቅሟ ቀና ትላለች?

ቀቢው፦ እንደሱ ካሉማ ቀና ትላለች።

[ሊቁ የለቀማቸውን መልሶ ቅርጫት ወረወረ። ቀቢው ጎንበስ ብሎ ሰበሰባቸውና ኪሱ ከተተ፤ ሊቁ ግን ይህን ለማየት ጊዜ አልነበረውም፤ ገላዋን ከድኖ ክንፍ ለመሰካት ቸኩሏል።]

ቀቢው፦ ጋሼ፣ የክንፉ ጫፍ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚያየው?

ሊቁ፦ ዶሮ አይተህ አታውቅም? ወደ ታች ነዋ።

ቀቢው፦ ዶሮ ትበራለች እንዴ?

ሊቁ፦ [ክንፉን እየሰካ] አጥር ትዘላለች።

[ክንፎቹ ገቡ። ዝናብ የመታት ዶሮ መሰለች። ሊቁ ራቅ ብሎ፣ ቀረብ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አያት፤ ወደዳት። ቀጥሎ ቀለም ሆነ። ሊቁ ብሩሹን ከቀቢው እጅ ቀማ።]

ሊቁ፦ ብሩሽ እንዲህ ነው የሚያዘው። አንተ የለመድከው ግድግዳ ነው።

ቀቢው፦ ሃያ ስድስት ዓመት።

ሊቁ፦ ግድግዳ አይበርም።

ቀቢው፦ እስካሁን አልበረረብኝም። ግን ጋሼ፣ መጀመሪያ ሳሳ አድርገን ቀብተን፣ ሲደርቅ ብንደግመውስ?

ሊቁ፦ ሁለት ጊዜ የሚቀባ፣ አንዱን ጊዜ ያበላሸ ሰው ነው።

ቀቢው፦ የፊቱን መስኮትስ ወረቀት ለጥፈን አንሸፍነውም? ቀለም እንዳይነካው።

ሊቁ፦ መስኮት የሚሸፈነው ጎረቤት ሲያይ ነው። ሰማይ ላይ የማን ጎረቤት አለ?

[ሊቁ ጣሳው እስኪጎድል ነከረና ለቀለቃት። አፍንጫዋን፣ ጀርባዋን፣ መስኮቷን፣ ከጋዜጣውም አንድ ርእሰ አንቀጽ። ቀለሙ ከጎኗ እየተንጠባጠበ ወረደ።]

ቀቢው፦ አላባት።

ሊቁ፦ የፍጥነት መስመር ነው። ንፋሱ እንዲህ ነው የሚሄደው።

ቀቢው፦ ከላይ ወደ ታች?

ሊቁ፦ አንተ ሰው፣ ጥያቄህ አያልቅም? የፀጉር ማድረቂያውን አምጣ።

[በፀጉር ማድረቂያ እየተፈራረቁ አደረቋት። አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ሊቁ ጋዜጣውን ገፎ፣ ጠረጴዛውን ጠርጎ፣ ሚስቱ ለእንግዳ የምታስቀምጠውን የዳንቴል ጨርቅ አነጠፈ። አውሮፕላኗን መሃሉ ላይ በጎማዋ አቆማትና እጁን አነሳ። ጅራቷ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ፤ አፍንጫዋ ጣሪያውን አየ።]

ቀቢው፦ ቁጭ አለች።

ሊቁ፦ ልትነሳ ነው። አውሮፕላን ሲነሳ እንዲህ ነው።

ቀቢው፦ ጅራቷን መሬት ዘርግታ?

[ሊቁ አስተካከላት። ቁጭ አለች። ደግሞ አስተካከላት። ደግሞ ቁጭ።]

ሊቁ፦ ጠረጴዛው ነው ያዘመመው።

[ጠረጴዛውን አዞሩት። ቁጭ አለች። ወለሉ ላይ አደረጓት። እዚያም ቁጭ አለች።]

ሊቁ፦ ቤቱ ነው ያዘመመው።

ቀቢው፦ ቤቱን እናዙረው?

[የበሩ ደወል ጮኸ። ሊቁ አውሮፕላኗን ከወለሉ ላፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አቆማት፤ ሌባ ጣቱን አፍንጫዋ ላይ ጫን አድርጎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀቢው በሩን ከፈተ። ልጂቱ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ኮፍያዋን ብብቷ ሥር ይዛ ገባች።]

ፓይለቷ፦ አባዬ፣ ተነስተህ አትስመኝም?

ሊቁ፦ አልችልም። ሥራ ላይ ነኝ።

ቀቢው፦ አፍንጫ ይዘው ነው።

[ፓይለቷ ኮፍያዋን አስቀምጣ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። ዞር ብላ ከፊት አየቻት፤ ዞር ብላ ከጎን አየቻት። ከንፈሯን ነከሰች።]

ፓይለቷ፦ ለእኔ ነው?

ሊቁ፦ ለማን ይሆናል ታዲያ።

ፓይለቷ፦ ታምራለች። ግን በየት በኩል ነው የማየው? መስኮት የለኝም።

ሊቁ፦ አንቺ መንገዱን ታውቂው የለ።

ፓይለቷ፦ ጣትህን እስቲ አንሳው።

ሊቁ፦ ደህና ነው፣ እዚሁ ይቆይ።

ፓይለቷ፦ እስከ መቼ?

ሊቁ፦ አልወሰንኩም።

[ሳቅ እያነቃት የአባቷን ጣት በሁለት ጣቶቿ ይዛ አነሳችው። አውሮፕላኗ ታዛዥ ናት፤ ጠብ ብላ በጅራቷ ተቀመጠች። ሊቁ አያት፤ ልጁን አየ፤ ቀለም የነካ እጁን አየ።]

ሊቁ፦ እሺ፣ አላውቅም። ክንፉንም፣ ቀለሙንም፣ ለምን ቁጭ እንደምትልም አላውቅም። ያን ጊዜ «ከብስክሌት የምትወድቂ» ያልኩሽም አውቄ አይደለም። ፈርቼ ነው። አፌ ይቅርታ ማለት እምቢ ቢለኝ እጄ ይበልልኝ ብዬ ነበር። ይኸው እጄም አቃተው።

[ፓይለቷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ይቺ ሁለት መቶ ሰው ይዛ በደመና ውስጥ ስታልፍ ያልተንቀጠቀጠች ልጅ አባቷ ትከሻ ላይ ተንቀጠቀጠች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም። ሊቁ ግን ለይቶ ማወቅ አልፈለገም፤ ብቻ አጥብቆ ያዛት።]

ፓይለቷ፦ የእኔም የመጀመሪያዋ እንደዚሁ ነበረች። በጅራቷ ቁጭ።

ሊቁ፦ የአንቺ? እነዚያ የመደርደሪያው የፋብሪካ አይደሉም?

ፓይለቷ፦ የእኔን ጣልኳት። ሦስቱን የሠራቸው ፋብሪካው ነው።

ሊቁ፦ የት ያለው ፋብሪካ?

ፓይለቷ፦ ያው፣ አጠገብህ ቱታ ለብሶ ቆሟል።

[ሊቁ ቀስ ብሎ ዞረ። ቀቢው ወዴት እንደሚያይ ጠፍቶት ጣሪያውን ያያል።]

ሊቁ፦ አንተ? ያ ሁሉ የሞኝ ጥያቄስ?

ቀቢው፦ ምን ላድርግ ጋሼ። ብነግርዎ አይሰሙኝ። ብጠይቅዎ ደርሰውበት ራስዎ ያገኙታል ብዬ ነው። ክንፉን ጠየቅኩ፣ መስኮቱን ጠየቅኩ፣ ከረጢቷን ጠየቅኩ።

ሊቁ፦ ተሳፋሪዎቹ…

ቀቢው፦ ክብደት ናቸው። አፍንጫዋ ውስጥ ካልገቡ ትቀመጣለች። ሥዕሉ ላይ አንድ ቁጥር እሱ ነው።

ሊቁ፦ አፍ አውጥተህ አትናገርም ነበር?

ፓይለቷ፦ ዝም በል ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑንም የላክሁት እኔ ነኝ። ከብስክሌቱ ወዲህ ወሬ የት ጋ እንደሚጀመር ጠፋኝ አባዬ። በእጅህ ብትሠራት ስለ ሥራዬ የምትጠይቀኝ ነገር አይጠፋህም ብዬ ነው።

[ሊቁ ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት፣ ከዚያም በፊት ተማሪ ቤት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ እጁን ዘረጋ።]

ሊቁ፦ መመሪያውን አምጣው።

[ቀቢው ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሊቁ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አውርዶ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ወጥሮ፣ ረጅም ጊዜ አነበበ። ፊቱ እንደገና በራ።]

ሊቁ፦ ይኸውላችሁ። ክንፉ ወደ ታች ነው። ልክ እንደኔ።

ፓይለቷ፦ ጎማዎቹስ የት ናቸው አባዬ?

ሊቁ፦ ከላይ። [ወረቀቱን ቀስ ብሎ ገለበጠው።] ጎማዎቹ ከታች ናቸው።

[ቀቢው ድቡልቡሎቹን ከኪሱ አውጥቶ በዳንቴሉ ላይ ደረደራቸው።]

ቀቢው፦ እንግዲህ ተሳፋሪዎቹን የት ላድርጋቸው ጋሼ?

ሊቁ፦ ከፊት አድርጋቸው። አንተም ከፊት ተቀመጥ። መንገዱን እሷ ታሳየናለች። ከዛሬ ጀምሮ ከኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ቀቢው፦ ኧረ እርስዎስ ከኋላ አይሁኑ ጋሼ። ያን ሁሉ እውቀት ይዘው ከኋላ ከተቀመጡ፣ መልሳ ቁጭ ትላለች።